ጦማሪ ጋዜጠኛ ነው ወይ? የብሎግ ሥር የት እንዳለ

አንድ ጦማሪ (ኢንተርኔት ላይ በራሱ ገጽ፣ በብሎግ፣ የሚጽፍ ሰው) በታሰረ፣ በተከሰሰ ወይም ትልቅ ዜና ቀድሞ ባወጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን "ጋዜጠኛ ነው፣ እንደ ጋዜጠኛ ሊጠበቅ ይገባል" ይላል። ሌላው "ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ሊባል ነው እንዴ?" ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን ደግሞ ዩቲዩበሩ፣ ቲክቶከሩና በኢሜይል ዜና የሚልከው ጸሐፊ ተጨምረውበታል።

ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት የሚስማሙበት ነገር አለ። ጋዜጠኝነት ማለት የዜና ክፍል፣ አርታኢና ደመወዝ ያለው ሥራ ነው ብለው ይነሣሉ። ብሎግን ደግሞ ኢንተርኔት ከውጭ እንዳመጣው እንግዳ ያዩታል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ብቻውን የሚጽፍ፣ ብቻውን የሚያሳትም፣ ከአንባቢው ጋር የሚመላለስ ሰው ከዜና ክፍሉ በፊት ነበረ። የዜና ክፍሉ ነው በኋላ የመጣው። ይህን ካላየን "ጦማሪ ጋዜጠኛ ነው?" የሚለውን ጥያቄ በትክክል መጠየቅ እንኳ አንችልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ራሱ የሚናገረው

"ብሎግ" የሚለው ቃል "ዌብሎግ" ከሚለው የተቆረጠ ነው። ዌብሎግ የሚለውን ስም ያወጣው ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ጊዜው ዲሴምበር 1997 ነበር። ባርገር በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውንና የወደደውን ነገር፣ ሊንኩን ከአንድ ሁለት መስመር አስተያየት ጋር አድርጎ ገጹ ላይ ይለጥፍ ነበር። በ1999 ፒተር መርሆልዝ የተባለ ሌላ ሰው ቃሉን ለጨዋታ ያህል ሰነጠቀውና "ዊ ብሎግ" አደረገው። "እኛ እንጦምራለን" እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ "ብሎግ" ለብቻው ቆሞ ቀረ።

"ዌብ" ድር ነው። "ሎግ" ደግሞ ከመርከበኞች የመጣ ቃል ነው። ድሮ መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት ገመድ የታሰረበት እንጨት ባሕሩ ላይ ይጥሉ ነበር። የእንጨቱ ስም ሎግ ነው። ልኬቱ የሚሰፍርበት መዝገብም በዚያው ስም ተጠራ። መዝገቡ ላይ ቀንና ሰዓት እየተጻፈ የታየውና የሆነው ሁሉ በተራ ይገባል። እንግዲህ ዌብሎግ ማለት የድር መዝገብ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ያሳየናል። መዝገብ የወጣው "ዘገበ" ከሚለው ግስ ነው። ዘጋቢም የወጣው ከዚያው ነው። መዝገብ የሚይዘው ሰውና ዜና የሚያቀርበው ሰው በቋንቋችን የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። ለብሎግ የወጣለት የአማርኛ ስም፣ ጦማርም፣ እንዲሁ ትርጉም አለው። ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ፣ የተላከ ጽሑፍ ማለት ነው። ስሙን የመረጠው ሰው አስቦበት ይሁን በአጋጣሚ፣ ልክ ቦታውን መትቷል። ጋዜጣ ራሱ የተወለደው ከደብዳቤ ነውና።

ጋዜጣ ደብዳቤ ሳለ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ ውስጥ "አቪዚ" የሚባሉ በእጅ የተጻፉ የዜና ወረቀቶች ይዞሩ ነበር። ከየከተማው የመጣ የጦርነት፣ የንግድና የቤተ መንግሥት ወሬ እየተገለበጠ ለሚከፍል ሰው ይላካል። አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊው ስም አይታወቅም። ጋዜጣ የሚለው ቃልም ብዙዎች እንደሚሉት የቬኒስ ትንሽ ሳንቲም ስም ነው። ወረቀቱን ለማግኘት የሚከፈለው ያ ሳንቲም ነበር። እኛም ጋዜጣ፣ ጋዜጠኛ ስንል ያችን ሳንቲም ይዘን ነው የምንዞረው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የብሎግን ሥር የሚያሳየው ግን የቦስተኑ ነው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1690 ቤንጃሚን ሃሪስ የተባለ አታሚ አንድ ጋዜጣ አወጣ። በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የመጀመሪያው ጋዜጣ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። አራት ገጽ ነበረው። ሦስቱ ታትመዋል፤ አራተኛው ባዶ ነው። ባዶ የተተወው አንባቢ የራሱን ወሬ ጽፎበት ለሌላ ሰው እንዲያሳልፈው ነበር። ዛሬ ኮመንትና ሼር የምንላቸው ሁለት ነገሮች በዚያች አንዲት ባዶ ገጽ ላይ አብረው ተቀምጠዋል።

ጋዜጣው ሁለተኛ እትም አላየም። በአራት ቀን ውስጥ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር "ያለ ፈቃድ የታተመ" ብሎ አገደው። ማን ይጻፍ? ማንስ ይፍቀድ? ስለ ጦማሪዎች ዛሬ የምንነታረክባቸው ሁለቱ ጥያቄዎች ያኔም እዚያው ነበሩ።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ዳንኤል ዴፎ ከ1704 እስከ 1713 "ሪቪው" የተባለውን ጋዜጣ ብቻውን በሚባል ደረጃ ይጽፈው ነበር። ዘጋቢውም፣ ተንታኙም፣ ተከራካሪውም እሱ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል አይ. ኤፍ. ስቶንን እናገኛለን። ለእኔ ከኢንተርኔት በፊት የነበረው እውነተኛ ጦማሪ እሱ ነው። ስቶን ልምድ ያለው የጋዜጣ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ ተዘጋ። ጊዜው አሜሪካ ውስጥ በግራ ዘመምነት የሚጠረጠር ሰው ሥራ የማያገኝበት ነበር። ስለዚህ በ1953 የራሱን ሳምንታዊ ወረቀት ከቤቱ ማውጣት ጀመረ። ሲጀምር ወደ 5,300 ደንበኞች ነበሩት፤ በ1971 ሲያቆም ወደ 70,000 ደርሰው ነበር።

የአሠራሩ ምስጢር ቀላል ነው። ባለሥልጣን ጋ አይሄድም። ማንም የማያነባቸውን የመንግሥት ሰነዶችና የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎች ቁጭ ብሎ ያነባል። ከዚያ አንዱን ሰነድ ከሌላው ጋር ያጋጫል። በ1957 አሜሪካ ከመሬት በታች የኑክሌር ሙከራ አደረገች። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽኑ የሙከራው ንዝረት ከ200 ማይል በላይ እንዳልተሰማ አስታወቀ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ "ሙከራን ከሩቅ መቆጣጠር አይቻልም" ለሚለው ክርክር ማስረጃ ሊሆን ነው። ስቶን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ ሰዎችን ጠየቀ። ንዝረቱ አላስካ ድረስ መመዝገቡን አገኘ። ኮሚሽኑ መግለጫውን ለማረም ተገደደ። አንድ ሰው፣ ያለ ዜና ክፍል፣ በማንበብና በመጠየቅ ብቻ።

ዜና ፋብሪካ ሲገባ

ታዲያ ጋዜጠኝነት የብዙ ሰው ሥራ የሆነው መቼ ነው? መልሱ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት የሚሠራ ማተሚያ መጣ፤ ለንደን ውስጥ "ዘ ታይምስ" በ1814 ተጠቀመበት። በ1833 "ኒው ዮርክ ሰን" በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ቴሌግራፍ ዜናን ከሰው እግር ቀደመው። በ1846 የኒው ዮርክ ጋዜጦች ወጪ ተጋርተው አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለውን የዜና ወኪል መሠረቱ።

እንዲህ ያለ ማሽን ውድ ነው። ውድ ማሽን ብዙ አንባቢ ይፈልጋል፤ ብዙ አንባቢ ደግሞ ማስታወቂያ ያመጣል። ማስታወቂያ የሚከፍለው ነጋዴ ሁሉንም ወገን ላለማስቀየም ይፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊው ከጽሑፉ ውስጥ ራሱን እያወጣ ሄደ። "እኔ" የሚለው ቃል ከዜና ጠፋ። ዋናው ነገር ከላይ፣ ዝርዝሩ ከታች የሚሰፍርበት "የተገለበጠ ፒራሚድ" የተባለው አጻጻፍም ሥር ሰደደ።

ይህ ዘመን በትልቁ ያተረፈልን ነገር አለ። አርታኢ ተፈጠረ። ወሬን ከሁለተኛ ምንጭ ማረጋገጥ፣ ስሕተትን ማረም፣ የተወቀሰ ሰው መልስ እንዲሰጥ ዕድል መስጠት ደንብ ሆነ። ማስረጃ ይዞ ባለሥልጣንን የሚከስ ዘጋቢ ከኋላው ጠበቃ ያለው ተቋም አገኘ። የጠፋውም አለ። አራተኛው ባዶ ገጽ ጠፋ። አንባቢ ተቀባይ ብቻ ሆነ። የአንባቢ ደብዳቤ የሚባለው ዓምድ ቢኖርም መራጩ አርታኢው ነው።

ድሩ ሲዘረጋ

የመጀመሪያው ድረ ገጽ በ1991 ለሕዝብ የተከፈተው የቲም በርነርስ ሊ ሲሆን ስለ ድሩ ራሱ የሚያስረዳ ነበር። በ1994 መጀመሪያ ጀስቲን ሃል የተባለ የኮሌጅ ተማሪ የራሱን ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ያገኛቸውን ሊንኮች ይለጥፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ የገዛ ሕይወቱን መጻፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ዴቭ ዋይነር የተባለ የሶፍትዌር ሰው ለሚያውቃቸው በኢሜይል ትንታኔ መላክ ጀመረ፤ በ1997 ደግሞ "ስክሪፕቲንግ ኒውስ" የተባለውን ዕለታዊ ገጽ ከፈተ።

እዚህ ላይ የብሎግ ሁለት ሥሮች ይታያሉ። አንዱ የማስታወሻ ደብተር ነው፤ "ዛሬ ምን ዋልኩ" የሚለው። ሌላው የዜና ጠረጴዛ ነው፤ ከብዙ ወሬ መካከል መርጦ፣ "ይህን አንብቡ፣ ምክንያቱም..." የሚለው። ሰው ብሎግን ሲያጣጥል ብዙ ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የባርገርና የዋይነር ሥራ ግን ሁለተኛው ነበር። መምረጥ የአርታኢ ሥራ ነው፤ አስተያየት መስጠት የዓምደኛ ሥራ ነው። ሁለቱም ከጋዜጣ ቤት የወጡ ናቸው።

እስከ 1999 ድረስ ገጽ ለመክፈት ኤችቲኤምኤል የተባለውን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ማወቅ በአብዛኛው ግድ ነበር። በዚያ ዓመት ላይቭጆርናልና ብሎገር የተባሉት አገልግሎቶች መጡ። ሳጥኑ ውስጥ ትጽፋለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ በቃ ታተመ። ብሎገርን የሠሩት ኢቫን ዊሊያምስና ሜግ ሁሪሃን የሚመሩት ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ በ2003 ጉግል ገዛው። በዚያው ዓመት ዎርድፕሬስ የተባለው ሌላ የብሎግ መሥሪያ ወጣ። በእንፋሎት ማተሚያ ዘመን ትልቅ ካፒታል ይጠይቅ የነበረው የማሳተም ዋጋ ወደ ባዶ ወረደ ማለት ይቻላል።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም ሥራውን ለወጡት። አዲሱ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከላይ ይሆናል። በ2000 አካባቢ ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቋሚ አድራሻ አገኘ፤ ፐርማሊንክ ይባላል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በእሱ ምክንያት አንድ ጦማሪ የሌላውን ጽሑፍ በቀጥታ ጠቅሶ መከራከር ቻለ። አርኤስኤስ የተባለው ዘዴ ደግሞ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር አንባቢው ጋ እንዲደርስ አደረገ። ሊንኩ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጋዜጣ "ሰነዱ እንዲህ ይላል" ይልሃል። ብሎግ ሰነዱን ይሰጥሃል። አንባቢው ራሱ ሄዶ ያያል። ስቶን የመንግሥት ሰነድ እየጠቀሰ ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው።

ጦማሪዎች ዜና ሲሠሩ

በጃንዋሪ 1998 ማት ድራጅ የተባለ ሰው ኒውስዊክ መጽሔት ይዞት ያቆየውን ታሪክ በራሱ ገጽ ላይ አወጣ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከዋይት ሐውስ ተለማማጅ ሠራተኛ ጋር ግንኙነት ነበራቸው የሚል ነው። ወሬው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ፕሬዚዳንቱም በምክር ቤት እስከ መከሰስ ደረሱ። ግን ያው ድራጅ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1997፣ ስለ አንድ የዋይት ሐውስ ባለሥልጣን ያላጣራውን ክስ አትሞ በማግስቱ ለማንሣት ተገዶ ነበር። የ30 ሚሊዮን ዶላር ክስም አስከትሎበታል። ያለ አርታኢ መሥራት ሁለቱንም ያመጣል። ሌላው የፈራውን ትደፍራለህ፤ ሌላው የሚያጣራውን ደግሞ ትዘልላለህ።

በዚያው 1998፣ በኦገስት ወር፣ ቦኒ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቅ ጠረፍ ሲመታ "ሻርለት ኦብዘርቨር" የተባለው ጋዜጣ በድረ ገጹ ላይ በየሰዓቱ የሚታደስ የዘገባ መዝገብ ከፈተ። ብሎግን ለዜና ከተጠቀሙ የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ ነው። ስለዚህ "ብሎግ በጋዜጣ ላይ የተነሣ ጠላት ነው" የሚለው አባባል ገና ከጅምሩ ትክክል አልነበረም። ጋዜጣ ቤቱ ራሱ መሣሪያውን አንሥቶታል።

የ2002ቱ ታሪክ ደግሞ የብሎግን ልዩ ጉልበት ያሳያል። በዲሴምበር 5 የሴኔቱ የሪፐብሊካን መሪ ትሬንት ሎት በአንድ አንጋፋ ሴናተር የ100ኛ ዓመት የልደት ግብዣ ላይ ንግግር አደረጉ። ባለ ልደቱ በ1948 የዘር መለያየትን ደግፈው ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ሰው ናቸው። ሎት ያኔ እሳቸው ቢመረጡ ኖሮ አገሪቱ ይህን ሁሉ ችግር አታይም ነበር የሚል ሐሳብ ተናገሩ። አዳራሹ ውስጥ ጋዜጠኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ዜና ነው ብለው አልቆጠሩትም። ጆሽ ማርሻል የተባለ ጦማሪ "ቶኪንግ ፖይንትስ ሜሞ" በተባለው ገጹ ላይ ያዘው። አልለቀቀም። በየቀኑ ተመለሰበት። ሌሎች ጦማሪዎችም ተከተሉ። ሎት ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ነገር መናገራቸው ተቆፍሮ ወጣ። በ15 ቀን ውስጥ ሎት መሪነታቸውን ለቀቁ።

እዚህ ላይ ማርሻል ከጋዜጦቹ የበለጠ መረጃ አልነበረውም። ልዩነቱ ወደ ጉዳዩ መመለስ መቻሉ ነው። ለዕለታዊ ጋዜጣ የትናንት ወሬ ያረጀ ነው፤ አዲስ ነገር ከሌለ አይታተምም። መዝገብ ግን አያረጅም፤ ነገሩ እስኪለይለት ገጹ ክፍት ነው። ማርሻልና ባልደረቦቹ በ2007 ስለ ፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ መባረር ሲዘግቡም፣ ፍትሕ ሚኒስቴሩ የለቀቃቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ለአንባቢዎቻቸው አከፋፍለው አስነበቡ። ለዚያ ሥራ የጆርጅ ፖልክ ሽልማትን አግኝተዋል። ሽልማቱ የጋዜጠኞች ነው።

በ2004 ደግሞ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ የውትድርና አገልግሎት ሰነዶች አቀረበ። ስርጭቱ ባለቀ በሰዓታት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ጸሐፊዎች የፊደሉን ቅርጽ እያነጻጸሩ "ይህ በ1970ዎቹ ታይፕራይተር የተጻፈ አይመስልም" አሉ። ጣቢያው ለሁለት ሳምንት ያህል ሲከላከል ቆይቶ የሰነዶቹን እውነተኛነት ማረጋገጥ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የዚያን ዓመት ቃል አድርጎ የመረጠው "ብሎግ" ነበር።

ከጦርነት ቀጠና የመጣውም መዘንጋት የለበትም። በ2003 ባግዳድ ላይ ቦምብ ሲወርድ ሳላም ፓክስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ኢራቃዊ ከተማዋ ውስጥ ሆኖ የሚያየውን ይጦምር ነበር። ያን ያህል ቅርብ ሆኖ የሚጽፍ የውጭ ዘጋቢ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት "ጋርዲያን" ጋዜጣ ዓምደኛ አደረገው።

የሚነቅፉትና የሚደግፉት

የነቃፊዎች አንደኛው ክርክር ጠንካራ ነው። ጦማሪ የሚከራከርበትን ጥሬ ዕቃ ከየት ያመጣል? አብዛኛውን ከጋዜጣ ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ የሚቀመጥ፣ የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ሙሉ ቀን የሚከታተል፣ ጦር ሜዳ የሚላክ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ብሎግ የሌላውን ምርት እየቆረጠ የሚኖር ከሆነ፣ ምርቱ ሲደርቅ እሱም ይደርቃል። ይህን የሚክድ ጦማሪ ካለ እውነቱን አልተናገረም።

"ብሎግ ጋዜጣን ገደለ" የሚለው ግን ሒሳቡ አይገጥምም። የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2018 ወደ 14 ቢሊዮን ወርዷል። ይህ ገንዘብ ጦማሪዎች ኪስ አልገባም። የሥራ ቅጥር፣ የቤት ኪራይና የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያዎች ክሬግስሊስትን ወደ መሳሰሉ ነጻ ገጾች ሄዱ። ትልቁ የማስታወቂያ ገንዘብ ደግሞ ጉግልና ፌስቡክ ጋ ገባ። የተጎዳው ዜናውን ይደጉም የነበረው ንግድ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ የስሕተት ነው። እውነት ነው፣ ያልተጣራ ወሬ ሰው ይጎዳል። በ2013 የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች ከፎቶ ተነሥተው ንጹሓንን ተጠርጣሪ አደረጉ። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ትልቅ የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሁለት ንጹሓን ወጣቶችን ፎቶ ፊት ገጹ ላይ አውጥቷል። አርታኢ መኖሩ ስሕተትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የሚለየው ከስሕተቱ በኋላ የሚደረገው ነው። ጥሩ ጦማሪ የተሳሳተውን መስመር አጥፍቶ እንዳልነበረ አያደርገውም። መስመሩን ሰርዞ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋል፤ አንባቢው ሁለቱንም ያያል። ይህ ልማድ በሁለተኛው ቀን ጋዜጣ ጥግ ላይ ከምትወጣ ትንሽ ማረሚያ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ልማዱን የሚከተል ሁሉም አይደለም፤ የሚያስገድደውም የለም።

ሕግ ፊት ሲቆሙ

ጉዳዩ ከወሬ አልፎ ነጻነትና እስር የሚሆነው ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጠኞች ምንጫቸውን ለወንጀል መርማሪ ችሎት አንገልጽም ማለት ይችላሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ ተመለከተ። የተለየ መብት አልሰጣቸውም። አንዱ ምክንያት ጋዜጠኛ ማን እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የፕሬስ ነጻነት የትልቁ አሳታሚ ብቻ ሳይሆን በካርቦን ወረቀት እያባዛ ብቻውን በራሪ ጽሑፍ የሚበትነው ሰውም ነው ሲል አስፍሯል።

ያ ዐረፍተ ነገር ለጦማሪዎች ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል። አፕል ኩባንያ ገና ያልወጣ ምርቱን መረጃ ያተሙ ድረ ገጾች ምንጫቸው እንዲገለጥ ጠይቆ ነበር። በ2006 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት ገጾቹ እንደ ማንኛውም የዜና አውታር ጥበቃ ይገባቸዋል ብሎ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። በ2014 ደግሞ የ2.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የተፈረደባት አንዲት ጦማሪ ይግባኝ ላይ ረታች። የመጀመሪያው ዳኛ ጋዜጠኛ አይደለሽም ብሏት ነበር። የይግባኙ ችሎት በስም ማጥፋት ክስ ያለው የንግግር ጥበቃ ተናጋሪው ጋዜጠኛ በመሆን አለመሆኑ ላይ አይንጠለጠልም አለ። ሚዛኑን ከሰውየው ማዕረግ ወደ ሥራው አዞረው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

በሌሎች አገሮች መንገዱ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ በኤፕሪል 2014 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በጸረ ሽብር ሕጉም ተከሰሱ። የቡድኑ ስም የመጣው ከቃሊቲ እስር ቤት ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። በጁላይ 2015 አምስቱ ተለቀቁ፤ የቀሩት በኦክቶበር ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ጦማሪውና ጋዜጠኛው በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ ልዩነታቸውን የጠየቀ አልነበረም። ታንዛኒያ በ2018 ጦማሪዎች እንዲመዘገቡና ክፍያ እንዲከፍሉ ደንብ አወጣች፤ ክፍያው ወደ 900 ዶላር ይጠጋ ነበር። የ1690ው የቦስተን ፈቃድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ማልታ ውስጥ ዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ ለዓመታት የጋዜጣ ዓምደኛ ነበረች። ከ2008 ጀምሮ ብቻዋን የምትጽፈው ብሎግ ግን ከጋዜጦቹ የበለጠ ይነበብ ነበር። ስለ ሙስና ትጽፍ ነበር። ኦክቶበር 16 ቀን 2017 መኪናዋ ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለች። ሥራዋን በሁለት ከፍሎ "ይህ ጋዜጠኝነት፣ ያ ጦማር" ማለት የሚችል ያለ አይመስለኝም።

ብሎግ የት ገባ?

"ብሎግ ሞቷል" ሲባል እንሰማለን። በከፊል እውነት ነው። በ2006 ትዊተር መጣ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ያው የብሎገሩ ኢቫን ዊሊያምስ ነው። አጭር ብሎግ፣ ማይክሮብሎግ ተባለ። ጉግል በ2013 የአርኤስኤስ ማንበቢያውን፣ ጉግል ሪደርን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንባቢው ወደ ጦማሪው ቤት መሄዱ ቀነሰ። ፌስቡክና ትዊተር ያቀረቡለትን ማንበብ ልማድ ሆነ። በድሮው ብሎግ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ቀኑ ነው፤ እዚህ ግን የኩባንያው አልጎሪዝም ነው። አልጎሪዝም ማለት የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ የሚመርጥ የኮምፒውተር ቀመር ነው። አርታኢው ተመለሰ፤ ግን አሁን ስሙ አይታወቅም፣ ደብዳቤም አይጻፍለትም።

ጸሐፊዎቹ ደግሞ ሌላ በር አገኙ። በ2017 የተጀመረው ሰብስታክ አንባቢ እየከፈለ ጽሑፍ በኢሜይል እንዲደርሰው ያደርጋል። ከቀደሙት ጦማሪዎች አንዱ የነበረው አንድሩ ሱሊቫን በ2015 ደክሞት አቁሞ በ2020 በዚሁ መንገድ ተመለሰ። የቬኒስ አቪዚም፣ የስቶን ሳምንታዊ ወረቀትም አሠራራቸው ይኸው ነበር፤ ከፋይ ደንበኛና ቀጥታ የሚላክ ደብዳቤ። ይህ ለጸሐፊው ደመወዝ ይሰጣል። ጉዳቱ ደግሞ ግልጽ ነው። መክፈል የማይችል አያነብም። ሊንክም የተቆለፈ በር ላይ ይቆማል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመዝገቡ ዕጣ ነው። በኖቬምበር 2017 "ጎታሚስት" የተባለው የኒው ዮርክ የዜና ብሎግ በባለቤቱ ውሳኔ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ማኅበር ለመመሥረት ድምፅ ከሰጡ ሳምንት አልሞላም ነበር። በዚያችው ዕለት የዓመታት ዘገባ ከድሩ ላይ ጠፋ። በኋላ ማኅደሩ ተመለሰ፤ መመለሱ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ነበር። በ2014 የወጣ የሃርቫርድ ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ያሳዩት የነበረውን እንደማያሳዩ አገኘ። የፍርድ ቤት ሊንክ እንዲህ ከሆነ የጦማሪ ሊንክ ምን ይሆን? ብሎግን ከጋዜጣ የለየው ምንጩን ማሳየቱ ነበር። ምንጩ ሲጠፋ የሚቀረው "እመኑኝ" ማለት ብቻ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭን የመሳሰሉ፣ ገጾችን ቀድተው የሚያስቀምጡ ተቋማት የሚያደርጉትን ያህል ያደርጋሉ። ሁሉን ግን አይደርሱበትም፤ የተቆለፈውን ደግሞ ጨርሶ።

የቤንጃሚን ሃሪስ ጋዜጣ ከታገደ ከ330 ዓመት በላይ አልፏል። ከእትሙ እስካሁን የሚታወቅ አንድ ቅጂ ብቻ አለ። የተገኘው ለንደን፣ የእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።